የታሸገችው ዳዶ

ደብዳቤው የመጣ ዕለት ደቂቃ የአንዲት የእጅ ሰዓት ሆድ ከፍታ፣ አጉሊ መነጽሯን ዓይኗ ላይ ሰክታ፣ ትንፋሿን ውጣ ተቀምጣ ነበር። ደቂቃ ቅጽል ስሟ ነው። አጭር ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ በቀጠሮ የሚያረፍድባትን ደንበኛ ልክ ልኩን ስለምትነግረው ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም አልተሳሳቱም። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ከአሥራ ሰባት ዓመቷ ጀምሮ በዚያች የወደብ ከተማ፣ ከባሕሩ ሁለት መንገድ ገባ ብላ በምትገኝ ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ሰዓት ትሠራለች።

ደብዳቤው ከተራራው ላይ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛው ነው። የገዛነው ባለፔንዱለም የግድግዳ ሰዓት በወር አሥር ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል፤ የደወል ሰዓታችን ተዛብቷል፤ ሠሪው መጥቶ ጉድለቱን አስተካክሎ በተያያዘው ቅጽ ላይ ይፈርም ይላል። ቅጹም አብሮ አለ። አናቱ ላይ በደማቁ "የአሠራር ጉድለት ማመኛ" ተብሎ ተጽፎበታል። ማመኛ! ሰው የገደሉ ይመስል።

ሰዓቱ የሌላ ሰው ሥራ ቢሆን ደቂቃ ደብዳቤውን አጣጥፋ ኪሷ ከታ ሥራዋን በቀጠለች። ግን ሰዓቱ የአባቷ ነው፤ የመጨረሻው የአባቷ ሰዓት።

አባቷን ከተማው ጋሽ ማኅተም ይላቸዋል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የባለፔንዱለም ሰዓት ፍጥነት ያለው በአንዲት ዳዶ እጅ ነው። ከሰዓቱ ሆድ ረጅም የእንጨት ዘንግ ይወርዳል፤ ጫፉ ላይ ጠፍጣፋ ክብ ነሐስ ተሰክቶ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ከነሐሱ ሥር ደግሞ ዘንጉ ላይ እየተጠመዘዘች ነሐሱን የምትይዘው ዳዶዋ አለች። ዳዶዋ ስትጠብቅ ነሐሱ ወደ ላይ ይነሳል፣ ሰዓቱም ይፈጥናል። ስትላላ ነሐሱ ይወርዳል፣ ሰዓቱም ይንቀራፈፋል። ሌላው ሰዓት ሠሪ ዳዶዋን እንደነገሩ አድርጎ ይሸጣል። ጋሽ ማኅተም ግን ሠርተው የጨረሱትን ሰዓት አርባ ቀን ሱቃቸው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። በየቀኑ ከሬዲዮው የሰዓት ምልክት ጋር ያስተያዩታል፤ ፀጉር ታህል ያጠብቃሉ፣ ፀጉር ታህል ያላላሉ። በአርባኛው ቀን ዳዶዋ ላይ ቀይ ሰም አፍስሰው በቀለበታቸው ያትሟታል። ከዚያ በኋላ እሷን የነካ ሰው የእሳቸውን ዓይን የነካ ያህል ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ ታሽጎ ከሱቁ የወጣ ሰዓት አንድም ቀን ተመልሶ አያውቅም። ወደ ተራራው ከወጣው ከዚህ በቀር ሁሉም እዚያው ባሕር ዳርቻ፣ ከመርከብ ቢሮ እስከ ፀጉር ቤት፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጢቅ ጢቅ ይላል።

ይህን የመጨረሻውን ሲያትሙ ግን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ማኅተሙ ትንሽ ዘመም ብሎ ወጣ። ያን ዕለት ፒንሳቸውን በጨርቅ ጠርገው አስቀመጡና ሁለተኛ አላነሱትም።

ደብዳቤውን ስታነብላቸው በር ላይ ባለች ዱካቸው ተቀምጠው ነበር። ሰምተው ሲጨርሱ እጃቸውን ዘርግተው እንደ ሌላ ሰው እጅ አገላብጠው አዩት።

"እጄ ነው" አሉ። "እጄ ከድቶኛል። ሂጂና ፈርሚላቸው፣ ዳዶዋንም አጥብቂላቸው።"

በማግስቱ ዱካዋ ባዶ ሆነች። አባቷ ጓዳ ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። የእጅ ሰዓታቸውን፣ ያቺን እናቷ በሞተች ጊዜ እንኳ ከክንዳቸው ያልወረደችውን፣ መሳቢያ ውስጥ አገኘቻት። አልተሞላችም፤ ቆማለች። ከቆመችው ሰዓት ጋር ቆማ አለቀሰች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ሰዓቷን ኪሷ ከተተች። እኚህ ሰው እጄ ከድቶኛል እያሉ ሊሞቱ ነው። እኔ እያለሁ? በፍጹም አይሆንም አለች።

አውቶቡሱ ከጠዋት እስከ አመሻሽ ተራራውን ሲዞር ዋለ። ጆሮዋ ሁለት ጊዜ ተደፍኖ ተከፈተ። ማሠልጠኛው ግቢ ስትደርስ ብርዱ እንደ ጥፊ ተቀበላት።

ንብረት ኃላፊው ወፍራም ሹራብ ለብሶ፣ ወገቡ ላይ የቁልፍ ዘለላ አንጠልጥሎ ተቀበላት። ክፉ ሰው አይደለም፤ እውነቱ ይነገር። ሻይ አስመጣላት፣ የእንግዳ ክፍል አስከፈተላት። ችግሩ ለሱ ዓለም ማለት መዝገብ ነው። ያልተዘጋ መዝገብ ካለበት እንቅልፍ አይወስደውም።

ሰዓቱ ከትልቁ አዳራሽ መግቢያ ላይ ተሰቅሏል። ደቂቃ ሐቁን ትናገር ከተባለ፣ ማኅተሙ ተሰብሮ ባገኘው ብላ ስትጸልይ ነበር የመጣችው። አንዱ ነገረኛ ተማሪ ነካክቶት ቢሆን ነገሩ ሁሉ ባለቀ። አልተነካም። ቀዩ ሰም እንደታተመ፣ እንደዘመመ አለ። ውሃ ልኳን አውጥታ አግድም ቁልቁል ለካች፤ ሰዓቱ ቀጥ ብሎ ተሰቅሏል። ሆዱን ከፈተች፤ አቧራ የለም፣ ዘይቱ አልደረቀም፣ ጥርሶቹ አልተበሉም። ጆሮዋን ለጥፋ አዳመጠች፤ ግራውም ቀኙም እኩል ይመታል። እንከን የሚባል ነገር አጣችበት።

ሬዲዮዋን ይዛ ሦስት ቀን ከሥሩ አልነቃነቅም አለች። በመጀመሪያው ቀን ሃያ ሰከንድ ቀረ። በሁለተኛውም ሃያ። በሦስተኛውም ሃያ። ይሄኔ ነው ዓይኗ የበራው። የታመመ ሰዓት እንዲህ አይደለም። የታመመ ሰዓት አመለኛ ነው፤ ዛሬ አምስት ሰከንድ ይቀራል፣ ነገ አርባ፣ ከነገ ወዲያ ጭራሽ ይፈጥናል። ይሄኛው ግን እንደ ወታደር እየቆጠረ ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ ይላል። የሚንቀጠቀጥ እጅ የሠራው ሥራ እንዲህ አያደርግም።

ንብረት ኃላፊው ብርዱ ይሆናል አላት። ሁሉም ብርዱ ነው ይላል፤ ጥበቃው፣ ጸሐፊዋ፣ የአትክልተኛው ሚስት ሳትቀር። ደቂቃ ሽንጧን ገትራ ተከራከረች። ብርድ ዘንግ ያሳጥራል፣ ያጠረ ፔንዱለም ደግሞ ይፈጥናል፤ በእናንተ ብርድ ቢሆን ኖሮ ሰዓቱ ወደፊት ነበር የሚሮጠው አለችው። እሱም በትዕግሥት ሰምቷት ሲያበቃ፣ እንግዲህ ብርዱ ካልሆነ የአሠራር ጉድለት ነዋ ብሎ ቅጹን አወጣ። ዳዶዋን ትንሽ ጠምዘዝ፣ እዚህ ጋ ፊርማ፣ ተገላገልን።

"አልፈርምም" አለች።

"እህቴ፣ ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?"

"አላውቅም። የአባቴ ግን አይደለም። ይዤው እወርዳለሁ፤ ታች ሰቅዬው አየዋለሁ።"

ተከራከራት፣ አልበገር አለች። በመጨረሻ የንብረት መውጫ ቅጽ አምጥቶ በሱ ላይ አስፈረማት። ለመውጫው ፈረመች፤ ለማመኛው ግን ብዕሯን አላነሳችም።

ሰዓቱን ስታወርድ አንዲት ወጣት መምህርት መጥታ ዘንጉን ያዘችላት። የፊዚክስ መምህርት ነች። ሦስቱን ቀን በዚያ ስታልፍ ደቂቃን ከሬዲዮዋ ጋር ስታያት ሰንብታለች። ስንት እንደሚቀር ጠየቀቻት። በየቀኑ እኩል ሃያ መሆኑን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ።

"እትዬ፣ አሁን ምንም አልልዎትም" አለቻት። "መጀመሪያ ታች ይስቀሉትና እርስዎ ራስዎ ይዩት። ዳዶዋን ግን አደራ፣ እንዳይነኩብኝ።"

ደቂቃም በሆዷ፣ ለማን ነው አደራ የምትይው፣ አለች።

ሱቅ ደርሳ ሰዓቱን እዚያው የድሮ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው። አባቷ ከጓዳ ድምፁን ሰምተዋል፤ አልወጡም። በመጀመሪያው ቀን ከሬዲዮው ጋር አስተያየችው፤ ምንም አልቀረም። ዓይኗን አላመነችም። በሦስተኛው ቀንም ምንም። በአሥረኛው ቀን ከሬዲዮው ጋር ተያይዞ ሲሄድ ከርሞ የተዛነፈው አንዲት ሰከንድ ብትሆን ነው። ደቂቃ ብቻዋን ሱቅ ውስጥ ሳቀች። ሮጣ ጓዳ ገባች፤ አባዬ፣ ሰዓትህ ልክ ነው አለች።

አባቷ ፊታቸውን ሳያዞሩ "ዳዶዋን ነክተሻታል" አሉ። "ለኔ አዝነሽ ነው። አልፈርድብሽም፤ ግን አትዋሺኝ።"

ይሄ ከደብዳቤው ይልቅ አመማት። ሃያ ስድስት ዓመት ከጎናቸው ተቀምጣ አንድ ቀን ዋሽታቸው የማታውቅ ልጅ! ደሟ ፈላ። ተመልሳ ወጣች፣ ሰዓቱን አቆመችው፣ ፔንዱለሙን ነቅላ አመጣችና ጉልበታቸው ላይ አጋደመችው።

"እየው" አለች። "በዓይንህ ካላመንክ በእጅህ ዳስሰው።"

ተነሥተው ተቀመጡ። አውራ ጣታቸውን ቀዩ ሰም ላይ አኖሩ፤ የቀለበታቸውን ምልክት፣ ዘመም ያለበትን ጎን ዳሰሱ። አንድ ማኅተም ሁለት ጊዜ እንዲያ አይዘምም። ደጋግመው ዳሰሱት።

"የኔው ነው" አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለውም፣ "ታዲያ እዚያ ላይ ምን ነካው?"

ደቂቃ አላውቅም አለች። አባቷ ካልሲያቸውን ፈለጉ። የት ልትሄድ ነው ብትላቸው ጫማዬን አምጪ አሉ። ጋሽ ማኅተም ከዚያች የባሕር ዳር ወጥተው አያውቁም፤ ጉልበቴ ነው፣ ሥራዬ ነው ሲሉ አርባ ዓመት አልፏል። እንዴት በዚህ ጉልበት ብትላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ለማሠልጠኛው ወረቀትና ጠመኔ የሚጭን መኪና በሁለተኛው ቀን ተገኘ። ሰዓቱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከኋላ፣ አባትና ልጅ ከሾፌሩ ጎን ሆነው ወጡ።

ማሠልጠኛው ውስጥ የሆነው ይኼ ነው። ሰዓቱ ተሰቀለ። ጋሽ ማኅተም ወንበር አስመጥተው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሬዲዮውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መተላለፊያው መሃል ተቀመጡ። ተማሪዎቹ በግራና በቀኝ እየዞሯቸው ያልፋሉ። አንድ ቀን፣ ሃያ ሰከንድ ቀረ። ሁለት ቀን፣ ሃያ። ሦስት ቀን፣ ሃያ። ያቺው ዳዶ፣ ያው ማኅተም፣ ያው ዘንግ። ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ "አንተ ጉደኛ" አሉት ሰዓቱን። ከደብዳቤው ወዲህ ሲስቁ ደቂቃ ያየቻቸው ያኔ ነው።

መምህርቷ በሦስተኛው ቀን ከክፍሏ ወጥታ እጇን ከጠመኔ አራግፋ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። አሁን ልናገር አለች። ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ፣ ከእነሱ በፊት ሌላ ሰው በዚሁ ጉድ ውስጥ እንዳለፈ ነገረቻቸው።

የጥንት አዋቂዎች፣ አለች፣ ድንጋይ የሚወድቀው ቤቱ ታች ስለሆነ ነው ይሉ ነበር። ጭስ ቤቱ ከላይ ነውና ይወጣል፤ ድንጋይ ቤቱ ምድር መሃል ነውና ይወርዳል። ክብደቱም የራሱ ጠባይ ነው፣ እንደ ሰው አመል የትም ይዞት ይዞራል። ከባዱ ወደ ቤቱ ይቸኩላል፣ ቀላሉ ይጎተታል። ይህን ሲሉ ከሺህ ዓመት በላይ ኖሩ። አልፎ አልፎ አንዱ ይነሳና እስቲ ከባዱንና ቀላሉን እኩል ልልቀቃቸው ይላል፤ ይለቃቸዋል፤ እኩል ሊባል በሚችል ጊዜ መሬት ሲደርሱ ያያል፤ ይናገራል፤ የሚሰማው ግን ጥቂት ነው። ኋላ ላይ ሌሎች መጡና፣ ድንጋዩ ቤቱን ፈልጎ ሳይሆን ምድር ስባው ነው የሚወርደው ማለት ጀመሩ። ስበት የተባለው ይኼ ነው። ክርክሩ ገና ሳይበርድ፣ ከሦስት መቶ ምናምን ዓመት በፊት፣ አንድ የከዋክብት ተመራማሪ ልክ የሆነ ባለፔንዱለም ሰዓት ይዞ በመርከብ ባሕር አቋርጦ ወደ ምድር ወገብ አቅራቢያ ሄደ። ሰዓቱ እዚያ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ቀረ። ሰውዬው በየሳምንቱ እየለካ አሥር ወር ሞላው። አገሩ ሲመለስ ከታላላቆቹ አንዳንዶቹ ምን አሉት? አልተጠነቀቅህም፣ አለካክህ ተበላሽቷል፣ ሙቀቱ ነው አሉት።

ደቂቃ ብድግ አለች። "ፈረመ?"

"ምን?"

"ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ፈረመላቸው ወይ ነው የምልሽ።"

መምህርቷ ሳቀች። አልፈረመም አለች። የለካውን ጽፎ አስቀመጠ፣ ከቃሉም አልተነቃነቀም። ዓመታት ቆይቶ ሌላ አዋቂ ተነሥቶ ሰውዬው ልክ ነበር አለ፤ ምድር ሁሉም ቦታ ላይ እኩል አትስብም፤ ወገቧ ላይ ስበቷ ላላ ይላል። ከዚያም በኋላ ሌሎች ፔንዱለም ይዘው ተራራ አናት ወጡ፤ እዚያም ቀረ። ከምድር መሃል በራቅን ቁጥር ስበቷ ይላላል፤ ፔንዱለሙን የሚጎትተው ኃይል ሲላላ ሰዓቱ ይንቀራፈፋል። እዚህ እኛ ያለንበት ደግሞ ከባሕሩ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር ከፍ ይላል አለች።

ጋሽ ማኅተም ስለ አዋቂዎቹ ክርክር ምንም አልጠየቁም። የጠየቁት፣ ያ ሰውዬ ሰዓቱን ለማስተካከል ዘንጉን በስንት እንዳሳጠረው ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላ፣ አለቻቸው። በጣታቸው አየር ላይ ለኩት። ከዚያ ወደ ሰዓቱ ቀና አሉ።

በማግስቱ ንብረት ኃላፊው ቢሮ ተጠሩ። ማመኛው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ደቂቃ የታችኛውን አሥር ቀንና የላይኛውን ስድስት ቀን ልኬት ጽፋ ከጎኑ አኖረችው፤ መምህርቷም አስረዳች። ንብረት ኃላፊው እስከ መጨረሻው ሰማቸው። ከዚያ ሳቅ ብሎ፣ እኔ እዚህ ቤት አሥራ ስምንት ዓመት ስኳር መዝኜ ተረክቤአለሁ አለ። ታች መቶ ኪሎ ተብሎ የተጫነ ስኳር እዚህ በሚዛኔ ሳስቀምጠው መቶ ኪሎ ነው። አንድም ቀን በመንገድ ላይ ቀሎ አያውቅም። ኪሎ የትም ኪሎ ነው።

ደቂቃ ሚዛኑ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀችው። ባለሁለት ሳህን፣ በአንዱ ወገን ድንጋይ በሌላው ስኳር፣ አላት።

"እንግዲያው ድንጋዩም አብሮ ቀሏል" አለችው። "ስኳሩ በቀለለ ልክ የሚዛንዎ ድንጋይም ቀሎ ይጠብቀዋል። ሁለቱ ተስማምተው ሲሸውዱዎት አሥራ ስምንት ዓመት! ይኼ ሰዓት ግን አንድ ራሱን ነው፤ የሚስማማው የለውም። ያየውን ተናገረ፣ እናንተም ጉድለት አላችሁት።"

መምህርቷ አፏን በመዳፏ ያዘች። ንብረት ኃላፊው ተቆጣ፤ ቢቆጣም አይፈረድበትም። ግን የተናገረው ነገር ፍሬ ነበረው።

"እህቴ፣ እኔ የገዛሁት ለዚህ ግድግዳ ነው። ምድር ትላላ፣ ሰማይ ይጥበቅ፣ እሱ የናንተ ጉዳይ ነው። እዚህ ግድግዳ ላይ ሰዓት ካልነገረኝ ለኔ ጎደሎ ነው። አባትሽ ለምን አሸጉት?"

ደቂቃ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ሊደብቁትም አልሞከሩም።

"ይኼ እውነት ነው" አሉ። "ሰዓቱ አልተሳሳተም፤ እጄም አልከዳኝም። የተሳሳተው ማኅተሜ ነው። ይህን ነሐስ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፣ የመዘንኩት እኔ ነኝ፤ ክብደቱ የሱ መስሎኝ ነበር። ለካ የሰፈራችን ኖሯል። አርባ ዓመት ሙሉ በየሰዓቱ ውስጥ ሰፈሬን ሳሽግ ኖሬአለሁ።"

ይህን ሲሉ አላፈሩም። ደቂቃ ፊታቸውን ስታይ ያ ግድግዳ ላይ የተተከለው ፊት የለም፤ ወጣት ሳለች አዲስ ሥራ ሲያገኙ የምታየው፣ የጎመጀው ፊታቸው ነው። ከወንበሩ ተነሡና፣ በሉ ኑ አሉ።

ሰዓቱ ሥር ደረሱ። ፔንዱለሙን አቆሙት። ደቂቃ ቢላዋ አቀበለቻቸው። ንብረት ኃላፊው፣ አባባ እጅዎ ይንቀጠቀጣል፣ ልጅቷ ትሥራው አለ። ደቂቃ ሁለት እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ ያዘች። መርዳት አምሯት ነበር፤ ጥርሷን ነከሰች እንጂ አልነካችም። ሽማግሌው ማንም ያልነካውን ማኅተም ራሳቸው ሰበሩት። ቀዩ ሰም ተፈርፍሮ ጫማቸው ላይ ወደቀ። ጣታቸውን ዳዶዋ ላይ ሲያኖሩ መንቀጥቀጡ አልቆመም። ግን አርባ ዓመት ያወቃት ጣት ነው፤ እየተንቀጠቀጠም መንገዱን ያውቃል። ሩብ ዙር፤ ቆም አሉ፤ ሌላ ሩብ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተዉት። ግማሽ ሚሊ ሜትር ብትነሳ ነው። ፔንዱለሙን ለቀቁት።

በማግስቱ ሁለት ሰከንድ ፈጠነ። ዳዶዋን ፀጉር ታህል አላሉ። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ከሬዲዮው ጋር ሲሄድ አንድም ሰከንድ አልወጣም አልገባም። ጥበቃው ሳይቀር እየመጣ ያይ ነበር። ንብረት ኃላፊውም በሦስተኛው ቀን ሬዲዮውን ተቀብሎ ራሱ አስተያየውና መለሰላቸው።

ሆኖም መዝገብ መዝገብ ነው። ቅጹ ካልተሞላ ጉዳዩ አይዘጋም አለ። ደቂቃ አምጡት አለች። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ብዕር ተቀበለች። አናቱ ላይ ያለውን "የአሠራር ጉድለት ማመኛ" የሚለውን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዘችው። "የጉድለቱ ዓይነት" የሚል ሣጥን ነበር፤ እዚያ ላይ "ጉድለት የለም፤ ቦታው ከባሕሩ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር ከፍ ይላል፤ ዳዶዋ ለዚህ ቦታ በልኳ ተስተካክላለች፤ ዳግመኛ አትታሸግም" ብላ ጻፈች። ቀጥሎ "ተጠያቂው አካል" የሚል አለ። እሱ ላይ ጥቂት አሰበች። ከዚያ በደንብ እንዲነበብ ፊደሎቹን ተለቅ አድርጋ "ምድር" ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም ፈረመች።

ንብረት ኃላፊው አገላብጦ አነበበው። ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ።

"የተጠያቂው አድራሻ አልተሞላም" አለ።

"ከጫማዎ ሥር ናት" አለችው።

አንዴ እሷን፣ አንዴ ጫማውን አየ። ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ሳቁ ቀደመው። የቁልፍ ዘለላውን አንቃጭሎ ካዝናውን ከፈተና ቅጹን ማኅተም መትቶ ፋይሉ ውስጥ አስገባው። አሁንም ድረስ እዚያው አለ ይባላል፤ አዲስ ንብረት ኃላፊ በመጣ ቁጥር ግራ ይገባዋል።

አውቶቡሱ እስኪመጣ አባትና ልጅ አዳራሹ መግቢያ ላይ ጓዛቸውን ይዘው ቆሙ። መምህርቷ ተማሪዎቿን ሰብስባ ሰዓቱ ሥር አቁማ ታስተምራለች። ጋሽ ማኅተም ግራ እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ። ደቂቃ መጀመሪያ አልገባትም፤ ኋላ ገባት። ያቺን የቆመች የእጅ ሰዓት ከኪሷ አውጥታ ክንዳቸው ላይ አሰረችላቸው። መዘወሪያዋን በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ ቀስ ብለው ሞሏት። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሰዓት ቀና አሉ፣ ወደ ራሳቸው ሰዓት ጎንበስ አሉ፣ በእሱ ልክ አስተካከሏት።

"ሱቅ ስንደርስ" አሉ፣ "በከተማው ግድግዳ ላይ ያሉትን ማኅተሞቼን ዞረን ሁሉ እንሰብራለን፤ ሰዓቱ ሰፈር ቢለውጥ ዳዶዋ እንድትስተካከል። ዱካዬን በር ላይ አውጪልኝ።"